ከመጋዘኑ የጠፋው የባሕር አረም

የመጋዘኑ ቁልፍ አልተሰበረም። ሁለት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካኖች ግን የሉም።

ኢንስፔክተር ደሬሳ ከጅግጅጋ ተነስቶ ቱሊ ጉሌድ የደረሰው ሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስተኛ የስርቆት ምርመራው ነበር። ወገቡን ያመዋል።

«ጀሪካኖቹ ውስጥ ምን ነበር?» አላት ተመራማሪዋን ሔርሜላን።

«ከባሕር አረም የተጨመቀ የሰብል ማሳደጊያ ፈሳሽ። በገበሬዎች ማሳ ማሾ ላይ እየሞከርነው ነው፤ በጥቁር፣ በቀይና በአሸዋማ አፈር። ያለሱ ሙከራው ይቆማል። ሐሙስ ማታ እዚሁ ነበሩ።»

ዘበኛው ማሃሙድ ፊቱ ጠቁሯል።

«በሩን ትተህ ሄደሃል?»

«አርብ፣ ለጁምዓ ሶላት። ሙቀት ስለሆነ ገርበብ አድርጌው ነበር።»

«እንደምትሄድ ማን ያውቃል?»

«መንደሩ ሁሉ።»

ማዳበሪያ ነጋዴው ሻርማርኬ ፈሳሹን ልግዛ ብሎ ተከልክሎ ነበር። ሱቁ ተፈተሸ። ምንም አልተገኘም።

«አይሸጥም አሉኝ፤ ተውኩት» አለ።

ደሬሳ ከሔርሜላ ጋር በማሳዎቹ መካከል አዘገመ። ጥቁር አፈር ላይ ማሾው እስከ ጉልበት ደርሷል። መጨረሻ ላይ፣ በአሸዋማው የባልቴቷ የኻድራ ማሳ፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ ተኮማትሯል።

ሔርሜላ ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው።

«ይሄ የውኃ ጥም አይደለም። ፈሳሹ በብዙ ውኃ ካልተበረዘ ቅጠል ያቃጥላል።»

ኻድራ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ደሬሳ እንደ አገሬው አክስቴ ለማለት «ኤዶ» ብሎ ጠራቸው።

«ኤዶ ኻድራ፣ ጀሪካኖቹ የት አሉ?»

በአገጫቸው ወደ ጓሮ አመለከቱ።

«ለምን ወሰዱ?»

«ይቺ ልጅ ለጎረቤቶቼ መድኃኒት ትረጫለች። ለእኔ ግን የምትረጨው ውኃ ነው፤ ቀምሼዋለሁ። አምና ዝናብ ቀርቶብኝ አንድ ፍሬ አልሰበሰብኩም። ዘንድሮ ደግሞ ምን አጥፍቼ ነው አልኩ።»

ደሬሳ ወደ ሔርሜላ ዞረ።

«ለማነፃፀር ነው» አለች። «አንድ ማሳ ያለፈሳሹ ማደግ አለበት። በዕጣ ነው የደረሳቸው።»

«ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም» አለች። «ክሱን እተወዋለሁ።»

«እኔ መተው አልችልም። ዳኛ ይየው። አንቺም እንዳልነገርሻቸው በቃልሽ ውስጥ ታስመዘግቢያለሽ።»

ኻድራ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሱ። ፖሊስ መኪናው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ወደ ሔርሜላ ዞሩ።

«ማሾው አሁን ውኃ ቢጠጣ ይድናል?»

ሔርሜላ ማሳውን አየች።

«አይድንም፣ ኤዶ።»

ኻድራ ራሳቸውን ነቀነቁና ገቡ።