አምስተኛው ፍቺ

የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላቱ ዋና አዘጋጅ የሞተው በምሳ ሰዓት ነው። አራሚዋ ከምሳ ሰዓት በኋላ ተመልሳ የካርድ ክፍሉን በር ስትከፍት፣ ሰውየው ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተዘርሮ፣ ጆሮ ግንዱ ተፈንክቶ፣ የቃላት ካርድ ዙሪያውን ተበትኖበት አገኘችው። ዘበኛው «ከመሰላል ወድቀው ነው» ብሎ ለፖሊስ ደወለ።

የመጣችው መርማሪ ሃምሳ ዓመት የደፈነች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ነበረች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬው ሁሉ ያልፍባትና ጠጠሩ ብቻ እሷ ዘንድ ይቀራልና። ያን ሰሞን ልቧ ደህና አልነበረም። አሥር ዓመት የጠበቀችው የክፍል ኃላፊነት እሷው ሥራ ላስተማረችው ልጅ ተሰጥቷል። «እንኳን ደስ አለህ» ብላ ስማዋለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ራቱ አልወርድ አላት።

ክፍሉን ዞራ አየችው። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ነው፤ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ። ከላይኛው ረድፍ የኤም ቦታ ባዶ ሲሆን መሳቢያው ሬሳው አጠገብ ተገልብጧል። መሰላሉን ወጥታ ባዶውን ቦታ በጣቷ ስትጠርገው ወፍራም አቧራ ተከትሏት መጣ።

«ይህ መሳቢያ መቼ ነው የወረደው?» ስትል አራሚዋን ጠየቀቻት።

«ወር ሊሞላው ነው። አሁን የያዝነው ፊደል እሱ ስለሆነ ከጋሼ ጠረጴዛ ላይ አይነሣም።»

ወንፊት ወረደችና ጎንበስ አለች። ካርዶቹ ከደሙ በላይ ናቸው፤ በሬሳው ሥር ግን አንድም የለም። ከወደቀ በኋላ የተበተኑ ናቸው። ከመሳቢያው ካቢኔ አንዱ የብረት ጠርዝ ላይ፣ በሰው ደረት ቁመት፣ በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ ቦታ አየች። ከሟቹ የደረት ኪስ ደግሞ ቁጥር አምስት የተጻፈበት አንድ ካርድ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ በእንግሊዝኛ የተጀመረና ያላለቀ ደብዳቤ ነበር። ካርዱንም ደብዳቤውንም ፖስታ ውስጥ ከተተቻቸው።

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሚስቱ፣ አራሚዋና ምክትል አዘጋጁ።

ባለቤቱ አላለቀሰችም። «መጥቼ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ» አለች። «ከዚያች ልጅ ጋር ምሳ ይበላል ቢሉኝ ደሜ ፈልቶ መጣሁ። ብቻውን ዳቦ እየገመጠ ሲጽፍ አገኘሁትና አፍሬ ተመለስኩ።»

«በልጅቷ ይቀኑ ነበር?»

«በእሷስ አንድ ቀን ነው የቀናሁት። በቃላቱ ነው እንጂ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። አጠገቤ ተኝቶ ስለ አንዲት ቃል እያሰበ ነበር የሚያንቀላፋው።»

አራሚዋ በምሳ ሰዓት ማተሚያ ቤት እንደነበረች ተናገረች። አሳታሚዎቹ ውጭ አገር ናቸው፤ ዋና አዘጋጁ በመጪው ወር ጡረታ ስለሚወጣ ተተኪውን እንዲጠቁም ጠይቀውት ነበር።

«ማንን ይጠቁማል ይባል ነበር?»

«እኔን ይሉ ነበር።»

«ፈልገሽው ነበር?»

«አዎ» አለች፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

ምክትሉ መጨረሻ ገባ። ኮቱ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ የተከረከመ፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል» አለ። «እንግሊዝኛው የእሱ፣ አማርኛው የእኔ። እሱ የቃሉን ትርጉሞች በካርድ ላይ በረቂቅ አማርኛ ይጽፋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስረክበኛል፤ እኔ ፍቺውን እቀርጻለሁ።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ይህን ደብዳቤ አይተውታል?»

«የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለእኔ ምን ይፈይዳል?»

«ሟቹ እንዴት ነበር የሚያዩዎት?»

ምክትሉ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘለትም። «በሰው ፊት ወንድሜ ይለኛል። በልቡ ግን እኔ ንፉግ ነኝ፤ ክፉ ነኝ፤ ተራ ነኝ፤ አማካይ ነኝ። ትናንት የመጣችው ልጅ ኮከብ ናት።»

ወንፊት ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ከራሷ ጉሮሮ እንዳይወጣ ሳምንቱን ሙሉ ስትውጠው ከርማለች። ስለዚህ በቅናቱ አልፈረደችበትም። አንድ ነገር ግን ወንፊቷ ላይ ቀረ። ሰው ሲናደድ ንፉግ ይላል፤ ክፉም ተራም ይላል። ተናዶ «አማካይ» የሚል ግን ሰምታ አታውቅም።

ምክትሉ እንደወጣ አራሚዋን መልሳ ጠራቻት። «ንፉግ፣ ክፉ፣ ተራ፣ አማካይ። እነዚህን አራቱን የሚያስተሳስራቸው ምንድን ነው?»

ልጅቷ ለአፍታ አሰበች። «በአማርኛ ምንም። በእንግሊዝኛ ግን አንድ ቅጽል አለ፤ ሚን ይባላል። አራቱንም ይሆናል፤ እንግሊዞቹ እንደ አገባቡ ነው የሚለዩት።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ግን እኮ የነገሩኝ ልክ በካርዶቹ ተራ ነው። ጋሼ ሚንን የጀመሩት ከትናንት ወዲያ ነው። ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ያየው የለም።»

ወንፊት ደብዳቤውንና ከኪሱ የወጣውን ካርድ ዘረጋችላት። ልጅቷ ሁለቱንም አነበበች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም በካርድ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ።

«ሟቹ መሰላል አልወጡም» ብላ ጀመረች። «የኤም መሳቢያ ወር ሙሉ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ ቦታው አቧራ ለብሷል። ካርዶቹ ከደሙ በላይ ነበሩ። አንድ ሰው ገፍቷቸው ከዚህ የብረት ጠርዝ ጋር ተጋጩ። ያ ሰው ጠርዙን ወለወለ፤ መሰላሉን አቆመ፤ መሳቢያውን ገለበጠ። እመቤት፣ እርስዎ ከወጡ በኋላ ዘበኛው ሟቹን እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ አይቷቸዋል። አንቺ ደግሞ፣ የማተሚያ ቤቱ ሰዎች አብረሻቸው እንደነበርሽ መስክረዋል።»

ሁሉም ወደ ምክትሉ ዞሩ።

«ጥርጣሬ ማስረጃ አይሆንም» አለ ረጋ ብሎ።

«አይሆንም። እርስዎ ግን አራት ቃላት ሰጡኝ። እነዚያ ቃላት አንድ ላይ የሚገኙት በዚያ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ገና አልተረከቧቸውም። መሳቢያው ውስጥ ለምን ፈለጓቸው? ሟቹ ተተኪያቸውን ለመጠቆም ለአሳታሚዎቹ በጀመሩት ደብዳቤ ላይ ቃሏን ስላዩ። ስለ ልጅቷ ‹ብሪሊያንት›፣ ብሩህ፣ ይላል፤ እሱን ያውቁታል። ቀጥሎ ስለ እርስዎ ‹ሚን ፍቺ ይጽፋል› ይላል። እሱን አላወቁትም።»

ምክትሉ ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ጃንጥላ ረስቼ ነው የተመለስኩት። እጁን ሊታጠብ ወጥቷል። ደብዳቤውን አየሁት፤ ካርዶቹን ገለጥኳቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ሲገባ ‹ለአንተ የእኔ ፍቺ ሚን ነው?› አልኩት። ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ‹አዎ፣ ሚን ነው› አለኝና እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ። ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም፤ ሳቁ እንዲቆም ነበር።»

ወንፊት ከፖስታው ካርዱን አወጣች።

«ከደረት ኪሳቸው ያገኘሁት ይህ ነው። ሚን አምስት ካርድ ነበራት፤ እርስዎ አራቱን ነው ያነበቡት።» ግርጌውን አነበበች። «‹አምስተኛ ፍቺ፤ በጨዋታ ንግግር፣ እጅግ የተካነ፣ ወደር የሌለው። ምሳሌ፤ ምክትሌ የሚጽፈው ፍቺ ወደር የለውም።›»

አራሚዋ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስለ እኔ ብሪሊያንት ካሉ በኋላ ‹ግን ገና ልጅ ናት› የሚል አለበት» አለች። «ቦታው ለእርስዎ ነበር።»

ባለቤቱ መሐረቧን ፊቷ ላይ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ምክትሉ እጁን ዘረጋ። ወንፊት ካርዱን ሰጠችው። የወንድሙን የእጅ ጽሑፍ ቀስ ብሎ፣ በከንፈሩ እየተከተለ፣ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሊያሳየኝ ነበር» አለ።

ፖሊሶቹ ገቡ። ወንፊት ካርዱን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቹ ግን ቶሎ አልለቀቁትም።