ባለ ሁለት እጀታው መጋዝ

አሮጌው ንጉሥ ባረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጠላት ወደ ከተማይቱ እየገሠገሠ ሳለ ደራሽ ውሃ ድልድይዋን ጠርጎ ወሰደው፤ የወንዙም ሹም ሕዝቡ ወደ ማዶ የሚሸሽበት ሳንቃ በአስቸኳይ እንዲሰነጠቅ አዘዘ።

በከተማይቱ የቀረው ግንድ ሰንጣቂ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበረ። የመጋዙን ሁለተኛ እጀታ ይይዝ የነበረው ባልንጀራው ባለፈው በጋ «እህል ሸምቼ እመለሳለሁ» ብሎ፣ እናት የሌላትን የአሥራ አምስት ዓመት ልጁን በሽማግሌው ቤት ትቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ልጅቱ ልብሷን ዘወትር ጠቅልላ ከራስጌዋ ታኖር ነበርና የሽማግሌው ሚስት «መንገደኛዋ» ትላት ነበር።

ሌላ እጅ ስለ ታጣ ልጅቱ ግንዱ ከተጋደመበት በታች ወዳለው የመሰንጠቂያ ጕድጓድ ወርዳ የታችኛውን እጀታ ያዘች፤ ሽማግሌውም ከግንዱ ላይ ቆመ። ገና በማለዳ መጋዙ ጎብጦ በግንዱ ውስጥ ተነክሶ ቀረ።

«ስበሽ ስታበቂ ለምን ትገፊዋለሽ፣ ልጄ?»

«እዚያው እንዳይቀርብኝ ነዋ፣ አባባ።»

«ወደ ላይ መሳቡ የእኔ ሥራ ነው። አንቺ እጅሽን አላልተሽ ተዪው።»

«ካልተመለሰስ?»

ውሃ ይዛ የመጣችው ሚስቱ ከዳር ሆና ሳቀች። «እኔ ስንት ዘመን ውጣልኝ ብዬው ንቅንቅ ያላለ ሰው፣ የት ይሄድብኛል ብለሽ ነው!»

ሽማግሌው ግን አልሳቀም። «አባትሽ እኔንም ነው ጥሎኝ የሄደው፤ ይመጣል ብዬ ሌላ ሰው አልያዝኩም። ለእርሱ እኔ ዋስ ልሆንሽ አልችልም። ይህ መጋዝ ከተሰበረ ግን ሌላ የለንም፤ ከነሕዝቡ እዚሁ መቅረታችን ነው።»

ልጅቱ እጀታውን ወደ ታች ሳበችና ጣቶቿን አላላች። መጋዙ ወጣ፤ ሰጋቱራውን በራስዋ ላይ እየነሰነሰ ተመለሰ። እስከ ቀትር ድረስ አንዳንዴ መግፋቷ አልቀረም፤ ሽማግሌውም መጋዙ በተነከሰ ቍጥር ያለ ቍጣ አላቅቆ ይጀምር ነበር። ከቀትር ወዲያ አልገፋችም።

ሳንቃው ደረሰ፤ ሕዝቡም ጠላት ሳይደርስበት ተሻገረ። ዜና መዋዕሉ «ሹሙ በጥበቡ ድልድይ ሠርቶ ሕዝቡን አዳነ» ይላል፤ ሐሰት አይደለም፤ ያለ ትእዛዝ ሥራ አይጀመርምና። አባትየው ሞቶ እንደ ሆነ ወይም ሌላ ቤት ሠርቶ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ልጅቱ ግን ሽማግሌው ገበያ በወረደ ቍጥር «መቼ ይመለሳሉ?» ብላ መጠየቋን ተወች። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ይህን አላወቀም፤ ቢያውቅም የሚጽፍበት ስፍራ ባላገኘለት ነበር።