የሁለቱ በጎች ደም

ይርጋ የሞተው ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ ኮሶ የጠጣበትን ዋንጫ እንዳቀፈ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው በር ዘግቶ ይውላልና ማንም አልደረሰለትም። ሚስቱ ጥሩዬ ደጅ ተቀምጣ ጠያቂ ስትመልስ ቆይታ ብትገባ ደርቆ አገኘችው። ኮሶውን ወቅጦ የሰጠው ጎረቤቱ ዋሴ ነው፤ በድንበር ሦስት ዓመት ተካሰዋል። ጋይንት ከዚህ ሌላ ምን ምስክር ይፈልጋል? ዋሴ የፊጥኝ ታሰረ።

ሃምሳ አለቃ ቢሻው ከንፋስ መውጫ በበቅሎ መጣ። አጭር ነው፤ ያየው ሁሉ ይንቀዋል፤ ይህም ለሥራው ይመቸዋል። ዋንጫውን አሸተተ፣ ዋሴንና ጥሩዬን ጠያየቀ፣ ከዚያ ወደ ከብት ሐኪሙ ወደ ሙላት ድንኳን አመራ።

ሙላት የጉበት ትል መድኃኒት በበግ ደም ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሊለካ ከአዲስ አበባ የተላከ ነው። ስምንት በጎች አሉት። ጥሩዬ ተቀጥራ መድኃኒቱን ትግታቸዋለች፤ እሱ ከአንገታቸው ደም ይቀዳል። ደሙ በማሽከርከሪያ መሣሪያ ሲዞር ቀዩ ይዘቅጥና ቢጫ ውሃ ከላይ ይቀራል። በውሃው ላይ የመመርመሪያ ጠብታ ሲጨመርበት መድኃኒት ያለበት ሐምራዊ ይሆናል።

ሰኞ ዕለት የሁለት በጎች ውሃ ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ሙላት ሥራው እንዳይበላሽበት ፈርቶ ለስምንቱም መድኃኒት እንዳለ አድርጎ ጻፈ። አሁን ዋሴ ሊሰቀል ነው፤ ሙላት ግን ደብተሩን አላረመም። ለወረቀት የሳሳ ሰው ለሰው መች ይሳሳል!

«እነዚህ ሁለቱ ለምን ቀለም አልያዙም?» አለ ቢሻው ብልቃጦቹን ከደብተሩ ጋር እያስተያየ።

«ጠብታው አርጅቶ ይሆናል።»

«ደብተርዎ ላይ ግን ይዘዋል።»

ሙላት ደብተሩን ዘጋ።

በማግስቱ የመንደሩ ጭቃ ሹም አውጫጭ ጠራ። አገሩ በሙሉ ከወይራው ሥር ተሰበሰበ፤ ገዳዩ ሳይወጣ ቤቱ የሚገባ የለም። ቢሻው መሃል ቆመ።

«ዋሴ ከዚያው ሙቀጫ የወጣውን ኮሶ ራሱም ጠጥቷል፤ ይኸው ከነቂሙ አለ። እንግዲያ መርዙ የገባው ዋንጫው ውስጥ ነው። ዋንጫው የሚሸተው ድንኳኑን ድንኳኑን ነው። ሰኞ ደግሞ ሁለት በጎች መድኃኒት አልደረሳቸውም፤ ደማቸው መስክሯል። በጎቹን የሚግተው አንድ ሰው ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ጥሩዬ ዞረ። እሷም አልካደችም። ባሏ ኮሶ ሦስት ጊዜ ቢጠጣም ትሉ አልወጣለትም፤ በግ የሚፈውስ ሰውን ምን ያደርገዋል ብላ የሁለቱን ድርሻ ደብቃ ከኮሶው ጋር ቀላቀለችው። እንዲድንላት ነበር።

ዋሴን ፈቱት። ጭቃ ሹሙም እንደ ደንቡ፣ አውቆ ዝም ያለ ካለ ይናገር አለ። ቢሻው ስም አልጠራም፤ ጫማውን ብቻ ያያል። ሙላት ዝም ቢል የሚከሰው አልነበረም።

ተነሣ። ሰኞ ዕለት ሁለቱ እንዳልተጋቱ ማወቁን፣ አውቆም ሐሰት መጻፉን ተናገረ። «ብጠይቃት ኖሮ፣ መድኃኒቱ ሰው እንደሚገድል እነግራት ነበር» አለ።

ጥሩዬ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

«ቢጠይቁኝ አልደብቅዎትም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሰኞና ማክሰኞ ሙሉ በግ ያዝኩልዎት። አንዴ ቀና ብለው አላዩኝም።»