የቀሩት አርባ ቁስለኞች

ጡረተኛው ጄኔራል ኃይለ መለኮት ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ቤታቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ «በትራስ ታፍነው ነው» አለ። ይጽፉት ከነበረው የጦር ሜዳ ታሪካቸው የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። በሩ አልተሰበረም።

ኢንስፔክተር ጀዊሪያ ቤቱን ዞራ አየች። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ። በርጩማው ከወንበሩ በስተግራ ተጎትቶ የቁም ሳጥኑን በር ዘግቷል።

«የበርጩማው ቦታ እዚህ ነው?»

«ኧረ አይደለም» አለች ተከራያቸው ሰርኬ። «በቀኛቸው፣ መስኮቱ ጋ ነው። ብቻቸውን መብላት ስለማይወዱ ምሳቸውን ሰጥቼ እዚያ እቀመጣለሁ። ትናንት ግን ገበያ ነበረብኝ፤ ትቻቸው ወረድኩ።»

ጳውሎስ አካባቢ ጽሑፍ ቤት ያለው መላኩ ረቂቁን በኮምፒውተር ይተይብላቸው ነበር። «እኔም መስኮቱ ጋ ነው የምቀመጠው፤ ለብርሃኑ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ከትናንት በስቲያ በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ገና አላነበብኩትም።»

ሦስተኛውና የመጨረሻው ጠያቂያቸው በጦርነቱ ጊዜ የጄኔራሉ ረዳት የነበሩት ሻምበል ወልዱ ናቸው። ጀዊሪያ በግራቸው ተቀምጣ «ትናንት መጥተው ነበር?» አለቻቸው። ዝም አሉ። ደገመችላቸው።

«በዚህ በኩል ነይልኝ ልጄ፤ የግራ ጆሮዬን መድፍ ወስዶታል» አሉ ዞረው። «የምመጣው እሑድ እሑድ ነው፤ በረንዳው ላይ እንጫወታለን። ትናንት ከቤቴም አልወጣሁም።»

ሦስቱንም ጄኔራሉ የሞቱበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩን በሩን ከፍተው ያስገቡት ራሳቸው ናቸው። ቁጭ ብሎ አውርቷቸዋል። ሰርኬና መላኩ በርጩማውን ከመስኮቱ የሚያነሱበት ምክንያት የለም። ያነሳው፣ እዚያ ቢቀመጥ ጄኔራሉ በግራው ስለሚሆኑ የማይሰማቸው ሰው ነው። ገጾቹንም የወሰደው ስሙ እንዳይነበብ የፈራ ነው። ሻምበል፣ እርስዎ ነዎት።»

ወልዱ በርጩማውን እያዩ ተናገሩ።

«ስናፈገፍግ አርባ ቁስለኛ ምሽጉ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ‹ሄደህ እይ› አሉኝ። ፈራሁ። ሳልሄድ ‹ሁሉም ሞተዋል› አልኳቸው። በሕይወት እንደነበሩ ሲሰማ ወቀሳውን የተሸከሙት እሳቸው ናቸው፤ ይኸው ሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው ሸሻቸው። ባለፈው እሑድ አላስችል ብሎኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ‹እጽፈዋለሁ› አሉ። ትናንት መጥቼ ለመንኳቸው። ‹ተጽፏል› አሉኝ። ልጆቼ... ገጾቹን ሳላነባቸው አቃጠልኳቸው።»

መላኩ ስልኩን አውጥቶ በዝግታ አነበበ። «‹ቁስለኞቹን ትቼ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሞተዋል ያለኝ ሰው ስም ከእኔ ጋር ይቀበራል። ሄጄ በዓይኔ ማየት የእኔ ፈንታ ነበር።›»

ወልዱ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ጀዊሪያ ወደ ሰርኬ ዞረች። «ለቀብሩ ማን ይጠራ? ዘመድ አላቸው?»

ሰርኬ ወደ ወልዱ ማየት አልቻለችም።

«ማንም የላቸውም። ሰው የሚሉት እኚህኑ ብቻ ነበር።»