ያልተጠጣው ጠላ

ቀጥቃጩ ፋንታ በገዛ መዶሻው ተመትቶ ሞተ። ሬሳው የተገኘው ሞጣ ውስጥ፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ራሳቸው ባቋቋሙት ትንሽ ሙዚየም፣ ከወናፉ አጠገብ ነበር። በሕይወት ሳለ «ቡዳ» እያለ ሲሸሸው የኖረ ሰው ሁሉ፣ አሁን ሬሳውን ለማየት በሩ ላይ ይጋፋል።

ኢንስፔክተር ማርያማዊት ከቢቸና ደርሳ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ባዶ ዋንጫዎች አየች። ለትርኢት የተሠራውን ምድጃ አመድ ብትነካው ረጥቧል። አሸተተችው፤ ጠላ ነው።

«ማን ማን ይመጣል እዚህ?» ስትል የሟችን እህት ዘርፈሽን ጠየቀቻት።

«እኔና ልጄ ስጦታው፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ዘመነም። ሌላ ማን ደጃችንን ይረግጣል? ነገ ምረቃ ነበር፤ በየዕቃው ላይ የሠሪው ስም ሊጻፍ።» ዓይኗ አንዲት እንስራ ላይ ቀረ።

ስጦታው ዕቃው ይሸጥ እያለ ከአጎቱ ጋር መጣላቱን አልካደም። «ትናንትም ተጣልተናል። መግደል ግን አልገደልኩትም» አለ።

ዘመነ ከረቫቱን አስተካከለ። «ትናንት አልመጣሁም። እነዚህን ሰዎች እንደማከብር አገር ያውቃል፤ አብሬያቸው እበላለሁ፣ እጠጣለሁ።»

ከቀብር መልስ ማርያማዊት ሦስቱን እዚያው ሰብስባ ጠላ አስቀዳች። እናትና ልጅ ጠጡ። ዘመነ ዋንጫውን ከንፈሩን አስነክቶ መለሰው።

«አልጎደለም» አለች ማርያማዊት። «ትናንትም እንግዳው የተቀዳለትን አመድ ላይ ደፍቶታል። እህቱና የእህቱ ልጅ ለምን ይደፋሉ? ሌላው አገሬው ደግሞ ፊት ለፊት አልጠጣም ይላል። ተጠይፎ ጠጪ መምሰል የሚፈልገው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ጠላ መድፋት ነፍስ መግደል ነው?»

«አይደለም፤ ግን አልመጣሁም ብለዋል። ያቺን እንስራ የሠሩት አያትዎ አመተ ሥላሴ መሆናቸውን እትዬ ዘርፈሽን አጥብቄ ጠይቄ ነው ያወቅሁት። እሳቸው ግን ቡዳ ቢመሰክር ማን ይሰማል ብለው ለመናገር ፈርተው ነበር። እርስዎ ልጅዎን ለቄስ ልጅ ሊድሩ ነው፤ የአያትዎ ስም ከተጻፈ የሸክላ ሠሪ ዘር መሆንዎ ታውቆ ጋብቻው ይፈርሳል። ተሳስቼ ከሆነ ይጠጡት።»

ዘመነ ዋንጫውን አነሣ። ከአፉ ሳያደርስ መልሶ አስቀመጠው።

«ስሟን እንዳያጽፍ ለመንኩት» አለ። «መጀመሪያ እንጠጣ አለኝ። ስደፋው አየኝና ‹እንግዲያማ የምነግርህ የለኝም› አለ። ያኔ መዶሻው እጄ ገባ።»

ዘርፈሽ ቀና አለች። «ሊነግርዎት የነበረው ስሙን ማስጻፉን እንደተወው ነው። ‹የልጁ ትዳር በእኔ አይፈርስም፤ አብረን ጠጥተን እነግረዋለሁ› ብሎኝ ነበር።»

ዘመነ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እኔ ግን አስጽፈዋለሁ» አለች ዘርፈሽ።