ሰጋቱራው ላይ የቀረው ክብ

ወይኔ እንድሪስ! ያ ቀልደኛ፣ ያ መርሳ ከተማን በሙሉ የሚያስቀው ልጅ፣ እሁድ ከአስር ሰላት በኋላ ቦክስ ቤቱ ውስጥ፣ ከአሸዋው ጆንያ ሥር፣ ሰጋቱራው ላይ ተዘርሮ ተገኘ። ሞቷል። በቃ፣ ሞቷል! ጮኻ ሰው የጠራችው ታናሽ እህቱ ኑሪያ ናት። ጩኸቷ ውርጌሳ ድረስ የተሰማ ነው የሚመስለው።

ሰው ሁሉ ወዲያው አብሮት ቦክስ የሚሰለጥነው አብዱልመሊክ ላይ ጣቱን ቀሰረ። ለምን በሉ? ወልድያ ለሚደረገው የዞን ውድድር የሚያልፈው ከሁለቱ አንዱ ነበር፤ ጠዋት ደግሞ በር ላይ ተሰዳድበዋል። ኢንስፔክተር ዙልፋ ስትደርስ ልጁ እጁ በካቴና ታስሮ ፒካፕ ሊጫን ነበር።

«ቆይ እስቲ፣ አውርዱት» አለች። ዙልፋ እኮ አትጮህም፣ ግን ሁሉም ይሰማታል!

ጎንበስ ብላ የሬሳውን እጅ አየች። መዳፉ ቀልቷል፤ ፋሻም ጓንትም ግን የለውም።

«ባዶ እጁን ጆንያ ይመታል?» ብላ አሰልጣኙን ፈቃዱን ጠየቀችው።

«እንድሪስ? ኧረ በጭራሽ! አንጓህ ይሰበራል ብሎ ሌላውን የሚቆጣው እሱ ነው።»

«ይሄ ሰጋቱራው ላይ ያለው ክብ ክብ ነገርስ?»

«ሰው ቡጢ ሲሰነዝር የኋላ እግሩ ተረከዝ ተነስቶ መዞር አለበት። ወገቡ ዞሮ እግሩ ከቀረ ጉልበቱ ይጠመዘዛል። ክቡን የሚሰራው ያ እግር ሲዞር ነው።»

«ሰጋቱራው መቼ ተነጠፈ?»

«ዛሬ እኩለ ቀን፣ እኔው ራሴ። ከዚያ ወዲህ ልምምድ የለም። ቁልፍ ያለን ደግሞ እኔ፣ አብዱልመሊክና እንድሪስ ብቻ ነን።»

አብዱልመሊክ እያነከሰ ቀረበ።

«ጉልበትህን ምን ሆንክ?»

«ተረከዜን አላነሳም፣ እትዬ። ኮች አፉ እስኪደርቅ ይነግረኛል፣ እኔ አልሰማም። እንድሪስ ‹ባህር ዛፉ› እያለ ነው የሚጠራኝ… የሚጠራኝ ነበር።» ከዚያ አለቀሰ፤ በታሰረ እጅ ደግሞ እንባ እንዴት ይጠረጋል?

ኑሪያን ሻይ ሰጧት። በቀኟ ተቀበለች፤ አስቀምጣው እንባዋን በግራዋ ጠረገች። ዙልፋ ብዙም አልጠየቀቻት፤ አየቻት ብቻ።

በማግስቱ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ቃል ከወልድያ መጣ፤ ፈቃዱ፣ አብዱልመሊክና ኑሪያ ቦክስ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«እንድሪስ ፓድ፣ ያን የቡጢ መቀበያ ትራስ፣ መዳፉ ላይ አጥልቆ ሰው እያስመታ ነበር፤ መዳፉ የቀላው ለዚህ ነው» አለች ዙልፋ። «ፓዱ ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የሞተ ሰው አይሰቅልም። ክቦቹን እዩ፤ ቀኝ እግር ፊት ነው፣ ከኋላ የሚዞረው ግራው። ኮች በቀኝ ነው የሚመቱት፤ የሚዞረው ቀኝ እግራቸው ነው። አብዱልመሊክ ጭራሽ አይዞርም፣ ጉልበቱ ይመስክር። ስለዚህ የመታው ግራኝ ነው።»

«እዚህ ቤት ግራኝ የለም» አለ ፈቃዱ።

«አለ። በግራ መብላት ነውር ነው እየተባለች ያደገች፣ ሰው ፊት ሁሉን በቀኟ የምታደርግ። ትናንት ሻዩን በቀኟ ያዘች፤ አስቀምጣው እንባዋን ስትጠርግ ግን በግራዋ ነው። ሲያለቅስ ማን እጁን ይመርጣል?»

ኑሪያ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ነኝ። እማዬ እንዳትሰማ ተደብቆ ነው የሚያለማምደኝ። ‹እዚህ ግራሽን ማንም አይከለክልሽም› ይለኛል። አንዷ ቡጢ ከፓዱ ሾልካ አገጩን ነካችው። ሳቀ! ከዚያ ወደቀ። ፓዱን ሰቅዬ ጮህኩ። ወንድሜን ገደልኩት!»

«አልገደልሽውም። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ያገኘው ከቀናት በፊት የፈሰሰ፣ የቆየ ደም ነው። ኮች፣ ሰሞኑን ተመትቶ ወድቆ ነበር?»

ፈቃዱ አቀረቀረ። «ሐሙስ፣ ከወልድያ ከመጡ ልጆች ጋር ሲጋጠም። አስመለሰው፣ ራሴን አለኝ። እኔ ደግሞ ሎሚ አስሸተትኩትና በነጋታው ልምምድ መለስኩት። ውድድሩ ደርሶ…»

«ለጉልበት ያን ያህል የሚጠነቀቁ ሰው!» አለች ዙልፋ። «ቃልዎን ወልድያ ፖሊስ ጣቢያ ይሰጣሉ።»

የአብዱልመሊክ ካቴና ተፈታ። ኑሪያ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«በኔ ዝምታ ልትታሰር ነበር።»

«አዎ» አለ። አላስተባበለላትም። «አሁን ለእናትሽ ትነግሪያለሽ?»

«እነግራታለሁ። ግን ፈራሁ።»

«በይ ተነሽ። ብቻሽን አትገቢም።»

ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቆመች። እሱ እያነከሰ ቀድሞ ገባ።

«እማማ፣ ኑሪያ የምትነግርዎት ነገር አላት።»

እናትየዋ ቀና ብለው ሁለቱንም አዩዋቸው። ከፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።