ፀጉራሙ መስመር

«ይሄ ድመት ነው ወይስ የአባቴ እግር?» አለ ኮርቢን፣ ከጎኑ የተቀመጠችውን የብሪታን ስዕል አጮልቆ አይቶ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ብሪታ ወረቀቱን በክንዷ ሸፈነች። የድመቱ ጀርባ አንድ መስመር መሆን ሲገባው፣ አጫጭር ጭረቶች ተደራርበውበት ፀጉር አብቅሏል። የስዕል መምህሩ ሚስተር ሃልቮርሰን ላጲስ ከከለከሏቸው ወዲህ በእስክሪብቶ የምትስለው ሁሉ እንዲህ ሆኗል።

«ከትከሻሽ፣ ብሪታ» አሏት መምህሩ። «መጀመሪያ እጅሽን አየር ላይ አመላልሺው። ከዚያ አሳርፊና በአንድ ትንፋሽ ሂጂ። ከተበላሸ ተይው፤ ላዩ ላይ አትድገሚ።»

እንዴት አትደግም? የእጇን መንቀጥቀጥ ሰው ካየባትስ? እናቷን ከስራ ያስቀራት በሽታ የጀመራት ከእጇ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍም ብሪታ ታውቃለች። ሐኪሞቹ ለአካለ መጠን ሳትደርሺ አንመረምርሽም ስላሏት ራሷን በራሷ ትመረምራለች። በየጠዋቱ፣ ቁርስ ሳትቀምስ፣ ቀስ ብላና ተጠንቅቃ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ታሰምራለች። በየጠዋቱ ይንቀጠቀጣል።

ልጆቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረችና የዛሬ ጠዋቱን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ የበሽተኛ እጅ ይመስላል?»

ሚስተር ሃልቮርሰን የእናቷን ነገር ያውቃሉ። እስክሪብቶ አነሱና ከእሷ መስመር ስር፣ ልክ እንደ እሷ ቀስ ብለው አሰመሩ። የእሳቸውም ተንቀጠቀጠ።

«ቀስ ካልሽ የማንም ይንቀጠቀጣል። ይሄ የፍርሃት መስመር ነው።»

«ስለዚህ የለብኝም ማለት ነው?»

መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «እሱን አላውቅም፣ የኔ ልጅ። መስመርም አይነግርሽም።»

ክፉም ቢሆን አንድ መልስ በእጇ ያለ መስሏት ነበር፤ እሱም ቀረ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ካረን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ከተማቸውን ዱሉዝን የሚያዋስነውን ሐይቅ ታያለች። በረዶው እስከ ወደቡ ድረስ ግጥም ብሏል። እጆቿ ጭኗ ላይ አላርፍ ብለው ይወራጫሉ።

«ድመት ብቻ ነው እንዴ የምትስዪው?» አለች ካረን፣ ቃላቱ እየተጎተቱባት። «እኔን ስለሽኝ አታውቂም።»

«ትንቀሳቀሺያለሽ፣ እማ።»

«ዝም ብዬ እስክቀመጥ ከሆነ የምትጠብቂው፣ ጠብቂ እንግዲህ!» ብላ ሳቀች። ብሪታ አብራት ልትስቅ ፈልጋ አቃታት።

ለነገ ጠዋት ምርመራ ያስቀመጠችውን ንጹህ ወረቀት አወጣች። እናቷ ፊት ተቀመጠች። እጇን አየር ላይ አመላለሰችና፣ አሳርፋ፣ ከእናቷ ትከሻ እስከ ጣቶቿ በአንድ ትንፋሽ ወረደች። መስመሩ የእጅ አንጓዋ ጋ ሲደርስ ሳተ፤ የብሪታ እጅም ተመልሶ ሊያርመው ቃጣው። ተወችው።

«ይኸው፣ ደግሞ ተንቀሳቀስኩብሽ» አለች እናቷ።

«ተንቀሳቀሺ» አለች ብሪታና ቀጣዩን መስመር ጀመረች።